የጅን ከተማ በተማሪ ደብተር

በቢስቲማም ሆነ በሐይቅ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ሰው ቡና ከቦ በተቀመጠበት ቤት ሁሉ አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ጨዋታው ወደ ስውር ነገር ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ከዋርካው ሥር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ወይም ከገደሉ ውስጥ ለሰው ዓይን የማይታይ የጅን ከተማ አለ ይባላል። ከተማው ገበያና አደባባይ አለው፤ ንጉሥና ሎሌ አለው፤ ሠርግና ለቅሶም አለው። ቀትር ላይ ብቻውን ወደ ወንዝ የወረደ ወይም ቢስሚላሂ ሳይል፣ ሳያማትብም፣ የፈላ ውሃ አመድ ላይ የደፋ ሰው ከነዚያ ስውራን ጋር ይጣላል፤ ወስደውም ወደ ከተማቸው ያገቡታል ይባላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ወደ እናታቸው ጉያ ይጠጋሉ፤ ነገር ግን ጨዋታው እንዲያልቅ አይወዱም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የዛሬው ሐሳቤ ይህ ከተማ አለ ወይም የለም ብሎ ለመከራከር አይደለም። ስለ ጅንና ስለ ጋኔን ሃይማኖት የሚያስተምረውን ለሼሆቹና ለካህናቱ እተዋለሁ። እኔ የምናገረው ስለ ወሬው ነው። ወሬው ተረት ተብሎ በተማሪ ደብተር ቢጻፍ ለአገር ሀብት ይሆናል፤ ሳይጻፍ በሹክሹክታ ቢቀር ግን ሁለት ጕዳት ያመጣል። አንደኛው፣ ተረቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል። ሁለተኛው፣ እስኪቀበር ድረስ ደግሞ የታመመ ሰው ከሕክምና እንዲርቅ ምክንያት ይሆናል።

በመጀመሪያ ሀብትነቱን እንይ። ስለ ዛር አመጣጥ በአገራችን የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆቿን ለማየት በመጣ ጊዜ ዓይን እንዳይበላባት ፈርታ መልከ መልካሞቹን 15ቱን ደበቀቻቸው። እርሱም፣ የደበቅሻቸው እንደ ተደበቁ ይቅሩ ብሎ ፈረደ። ስለዚህ በተረቱ አነጋገር ስውራኑ ባዕዳን አይደሉም፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ያልታደሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። እንዲህ ያለ ሐሳብ የትም አገር ቢገኝ የሚደነቅ ነው።

ከቢስቲማ ብዙ ሳይርቅ ስለሚገኘው ስለ ሐይቅም እንዲሁ ይተረካል። አንዲት የንጉሥ ልጅ አንዲትን ነፍሰ ጡር በደለቻት። እግዚአብሔርም ተቈጥቶ ያቺ ነፍሰ ጡር ከተቀመጠችበት ቦታ በቀር በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ባለጌይቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳም ያቋቋሙበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ቦታ ነው ይባላል። የመሬት ጠበብት ሐይቁ እንዴት እንደ ተፈጠረ የሚሰጡት ትምህርት ሌላ ነው። ተረቱ ግን የሚያስተምረው ስለ መሬት ሳይሆን ስለ ፍርድ ነው፤ ይኸውም ደካማውን የበደለ ቤተ መንግሥት ከነሰዎቹ እንደሚሰጥም ነው።

የሰሎሞንም ታሪክ አለ። በቁርአን በሰበእ ምዕራፍ እንደሚነበበው ጅኖች ለነቢዩ ሱለይማን ሕንፃና ምስል፣ እንደ ኩሬ የሰፉ ገበታዎችና ከቦታቸው የማይነቃነቁ ታላላቅ ድስቶች ይሠሩ ነበር። ሱለይማን ምርኵዙን ተደግፎ እንደ ቆመ በሞተ ጊዜ ጅኖቹ መሞቱን አላወቁም፤ ነቀዝ ምርኵዙን በልቶ ሬሳው እስኪወድቅ ድረስ መልፋታቸውን ቀጠሉ። በዚያን ጊዜ የተሰወረውን ነገር እንደማያውቁ ተገለጠ። እንግዲህ ልብ በሉ! በፊታቸው የቆመውን ሰው ሞት ያላወቁ ጅኖች የጎረቤትን የጠፋ በሬ ወይም የልጅን በሽታ ምክንያት ያውቃሉ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በምን ተደግፎ ነው የሚቀበለው?

ጕዳቱም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው። አንድ ልጅ ድንገት ወድቆ ቢንፈራገጥና አረፋ ቢደፍቅ፣ በብዙ ሰፈር የመጀመሪያው ቃል «ጅን ጣለው» የሚል ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይከተላል። በሽታው ይጋባል ተብሎ ስለሚፈራም እሳት ላይ ወይም ውሃ ውስጥ የወደቀውን ሰው ፈጥኖ ለማንሣት የሚደፍር ይጠፋል። የልጁ ነፍስ ከነዚያ ከተማ ናት ከተባለ በኋላ ደግሞ ዶሮ በዚህ ቀለም፣ በግ በዚያ ቀለም እየተባለ የቤቱ ጥሪት ያልቃል። ይህ በሽታ ግን የሚጥል በሽታ የሚባለው የአንጎል ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ለሕክምናው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፌኖባርቢታል ነው፤ ዋጋውም ከብዙዎቹ የረከሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በሽታው በትክክል ታውቆ ተገቢው መድኃኒት በየዕለቱ ሳይቋረጥ ቢወሰድ፣ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ ለመኖር ይችላሉ። ጸሎትና ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም፤ የሚጣላው መድኃኒቱን አቋርጡ የሚል ምክር ነው።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ አየርላንድ ይመልከት። የዚያም አገር ገበሬ በየጕብታው ሥር የስውራን ከተማ አለ፤ ስውራኑ ሰውን ወስደው በምትኩ እርሱን የሚመስል ሌላ ፍጥረት ይተዋሉ ብሎ ያምን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በቲፐራሪ አውራጃ ባሊቫድሊ በምትባል መንደር ብሪጅት ክሊሪ የምትባል ልብስ ሰፊ ታመመች። ሐኪምም ቄስም መጥተው አይተዋት ነበር። ባሏ ማይክል ግን ይህች ሚስቴ አይደለችም፤ ስውራኑ የተዉት ምትክ ናት አለ። የቅጠል መድኃኒት በግድ አጠጧት፤ በመጨረሻም በገዛ ቤቷ፣ ዘመዶቿ ባሉበት፣ ባሏ አቃጠላት። ከዚያም በኋላ እውነተኛይቱ ሚስቴ በነጭ ፈረስ ተቀምጣ ከስውሩ ከተማ ትወጣለች እያለ ሌሊት ከጕብታው አጠገብ ይጠብቅ ነበር። ዳኞቹ 20 ዓመት ፈረዱበት፤ 15ቱን ታሰረ። እንግዲህ ሥልጡን በሚባለው አውሮፓ፣ ባቡርና ቴሌግራፍ በነበረበት ዘመን፣ የስውር ከተማ ወሬ ሰው አስገደለ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንመልከት። በጎረቤቲቱ በታላቋ ብሪታንያ ጎብሊን የሚሏቸው ከመሬት ሥር የሚኖሩ ድንክዬ አጋንንት አሉ። ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ማክዶናልድ በ1872 ዓ.ም. ስለ እነርሱና ስለ አንዲት ልዕልት የልጆች መጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዛዊው ቶልኪን ደግሞ በ1937 ዓ.ም. «ሆቢት» በተባለው መጽሐፉ ከተራራ ሥር የተቈፈረ የጎብሊን ከተማ ከነንጉሡ አቁሞ አሳየ። የእነዚህ ጎብሊኖች ወሬ ዛሬ የእኛን ከተሞች ልጆች ሳይቀር በሲኒማና በስልክ መስታወት ላይ ደርሷቸዋል። በዚህ ዓይነት ለአያቶች የፍርሃት ምክንያት የነበረው ስም ለልጅ ልጆች የጨዋታና የንግድ ዕቃ ሆነ።

ይህን ለውጥ ያመጣው መጽሐፍ ብቻ ነው አልልም፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ትልቁን ሥራ ሠርተዋል። ቢሆንም ነገር ሲጻፍ መልኩ ይለወጣል። በጨለማ በሹክሹክታ የተነገረ ወሬ ማን እንደ ተናገረው አይታወቅምና ለመጠየቅ አይመችም። የተጻፈ ተረት ግን ተራኪው ይታወቃል፤ ከሌላው መንደር ተረት ጋር ይመዛዘናል፤ ልጅም አንብቦ ይህ ተረት ነው ለማለት ይችላል።

አየርላንዶችም ቆይተው ይህን ተረዱ። በ1937 ዓ.ም. ጀምረው እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ የአገራቸው የተረት ኮሚሲዮን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አሠማራ። ከ5000 ያህል ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ከ50,000 የሚበልጡ ልጆች አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እየጠየቁ የሰሙትን በደብተር ጻፉ። የተሰበሰበው ጽሑፍ 740,000 ገጽ ያህል ሲሆን ዛሬ በዳብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጠብቆ ይገኛል። ይህን ሁሉ የሠሩት ታላላቅ ሊቃውንት አይደሉም፤ በእጃቸው እርሳስ የያዙ ሕፃናት ናቸው።

የእኛስ? ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ጎንደር ተቀምጦ የዛር ባለቤቶችን እየጠየቀ ጻፈ፤ በ1958 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። ሰውየው ባይጽፈው ብዙው ነገር በጠፋ ነበርና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የገዛ አያቶቻችንን ቃል በፈረንሳይኛ እንድናነብ መገደዳችን ሊያሳስበን ይገባል። ስለ ወሎ ተረት ምንም አልተጻፈም ማለቴ አይደለም፤ ከሚነገረው ጋር ሲመዛዘን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው ማለቴ ነው።

ስለዚህ ምክሬ እነሆ። የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቢስቲማ ይጀመር። አንድ የአማርኛ መምህር በክፍሉ 50 ተማሪዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ሁለት ተረት ይዞ ቢመጣ በአንድ ሳምንት 100 ተረት ይገኛል። ደንቡ አጭር ይሁን። ተረቱ ተራኪው በሚናገርበት ቋንቋና አነጋገር ሳይታረም ይጻፍ። የተራኪው ዕድሜና መንደር፣ የተነገረበትም ቀን ይመዝገብ። ሁለት ሰዎች አንዱን ተረት በልዩ ልዩ መንገድ ቢተርኩት ሁለቱም ይጻፍ። እገሌ ጅን አለበት የሚል የጎረቤት ስም ግን ከቶ አይግባ፤ ይህ ተረት ሳይሆን ስም ማጥፋት ነው። መምህሩም ደብተሩን ሲቀበል ስለሚጥል በሽታና ስለ አእምሮ ሕመም የጤና ባለሙያ ጋብዞ ለተማሪዎቹ ያስረዳ። በዚህ ዓይነት ተረቱና መድኃኒቱ በአንድ ክፍል ውስጥ በየቦታቸው ይቀመጣሉ።

የተጻፈውም ከአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በአንድ ቤት ብቻ የተከማቸ ቅርስ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። እንግዲህ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ ሁለተኛው በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ መልካም ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ ይህ አጉል እምነትን ማስፋፋት ነው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን እምነቱ ያለ እኛ ርዳታ ሲስፋፋ ኖሯል፤ የጎደለው በብርሃን የሚመረምረው ነው። ሌሎች ደግሞ በባዕድ ፊት ያሳፍረናል ይላሉ። የጎብሊን ከተማ ለእንግሊዞች ካላሳፈራቸው፣ የሔዋን ስውራን ልጆችና የሐይቅ ስጥመት እኛን የሚያሳፍሩበት ምክንያት የለም። እንዲያውም የነገው ደራሲ ልብ ወለድ ለመጻፍ ሲነሣ የሰው አገር ድንክዬ መዋስ አያስፈልገውም፤ ፍርድ የሚያውቅ ሐይቅና ድስት የሚሠራ ጅን በአገሩ ያገኛል።

መምህራን ሆይ፣ ወላጆችም ሆይ! የወሎ ሽማግሌ ሼሁንም ቄሱንም አክብሮ፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ ይህን ተረት ሲጠብቅልን ኖሯል። ዛሬ ተረቱን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጠያቂም እየጠበቁ ነው። የሚወድቀው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የጅኑ ከተማ ተረት ደግሞ ወደ ደብተር ይግባ። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ የሚያዳምጥ ልጅ ይበቃል። ይህም ክረምቱ ሳይገባ ቢጀመር የተሻለ ነው።