ማስመሰል ሁሉ ሐሰት ነውን? ስለ ተዋናዩ ስለ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለነቃፊዎች የተሰጠ መልስ

ተዋናይ ሥራው ሐሰት፥ እንጀራው ማስመሰል፥ ፍጻሜውም ኵነኔ ነው እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም፤ በእኛም አገር በሰቆጣ ይህ ነገር በዐውደ ምሕረት ሳይቀር ሲነገር ይሰማል። ምሳሌ አምጡ ሲባሉ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ሕዝብ አባባ ተስፋዬ የሚለውን የተስፋዬ ሣህሉን ስም ነው፤ ወንድ ሆኖ ሳለ በመድረክ የሴት ልብስ ለብሶ ታይቷልና። እርሱ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ስላረፈ ዛሬ ቆሞ ሊከራከር አይችልም። እኛም ዝም ብንል ነቀፋውን የተቀበልን ስለሚመስል የሚከተለውን ጻፍን።

አስቀድመን ሰውየው ማን እንደ ነበረ እንናገር። በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለደ። ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ የቴአትርን ሥራ ያዘ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት፥ ከታወቁት ተዋንያን አንዱ ነበረ። በኮርያ ዘመቻም ጊዜ ወታደሮቻችንን ለማጫወት ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመር የሕፃናቱን ክፍል ተረከበና በሦስት መንግሥታት ዘመን፥ ከ40 ዓመት በላይ፥ ተረት ሲያወራ ምክርም ሲመክር ኖረ። ሕፃናቱን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች እያለ ይጠራቸው ነበር፤ እነርሱም አባባ አሉት። ይህን ማዕርግ ቤተ መንግሥት አልሰጠውም።

ወደ ነቀፋው እንመለስ። በዘዳግም ምዕራፍ 22 ቍጥር 5 ወንድ የሴትን ልብስ እንዳይለብስ ተከልክሏል ይላሉ። እውነት ነው፥ ተከልክሏል። ነገር ግን ሕግን የሚጠቅስ ሰው ሕጉ ስለ ምን እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባዋል። ከመተርጕማን ወገን፥ ትእዛዙ የተሰጠው የአሕዛብን የጣዖት ሥርዓት ለማራቅና በልብስ ተሸሽጎ የሚሠራውን ዝሙት ለመከልከል ነው የሚሉ አሉ። ተስፋዬ ግን የለበሰው ሊሸሸግ አይደለም፤ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየው፥ ወንድ መሆኑንም ሁሉ እያወቀ ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በመድረክ መቆሟ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፥ እናት የምትናገርበት፥ ሚስት የምታለቅስበት ቦታ ሲደርስ የምትቆም ሴት አልተገኘችም። እንግዲህ ነውሩ የማን ነው? ሴቲቱን በስድብ ከመድረክ ያራቅን እኛ፥ ባዶውን ቦታ የሞላውን ሰው ለምን ሞላህ ብለን እንወቅሰዋለንን? በነሐሴ ወር በሻደይ በዓል የሰቆጣ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር በወገባቸው አስረው በአደባባይ ሲዘፍኑ ካህኑም ሽማግሌውም ያያል፥ ይመርቃልም፤ ነውር ነው የሚል የለም። ያችው ልጅ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ መድረክ ቆማ ቢሆን ግን ስሟ ሌላ በሆነ ነበር።

ማስመሰል ሁሉ ሐሰት ነው ለሚለው ደግሞ መጽሐፍ ራሱ መልስ አለው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈ፥ ኢዮአብ ከቴቁሔ አንዲት ብልኅ ሴት አስመጣ፤ እንደ ኀዘንተኛ እንድትለብስ አዘዛት፥ የምትናገረውንም ቃል አስጠናት። እርስዋም ከሁለት ልጆቿ አንዱ ሌላውን የገደለባት መበለት መስላ በዳዊት ፊት ወደቀች። ንጉሡ ፈረደላት፤ በፈረደውም ፍርድ ራሱ ተይዞ አቤሴሎምን ከስደት አስመለሰ። ልብሱ አለ፥ የተጠናው ቃል አለ፥ ተመልካቹም አለ። ይህ ቴአትር ካልተባለ ምን ይባል? ደግሞም ዳዊት የቀረበለት ነገር ምሳሌ መሆኑን አስቀድሞ አላወቀም ነበር፤ የቴአትር ተመልካች ግን ዐውቆ ይገባል፥ ዐውቆ ይስቃል፥ ዐውቆ ያለቅሳል። ስለዚህ የተዋናይ ሥራ ከዚያች ሴት ሥራ ይልቅ ከማታለል የራቀ ነው።

እኛ የቅኔ ቤት ልጆች ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ባለቅኔ ሰሙን ሲናገር ሐሰተኛ የሚለው የለም፤ ሰሚው ወርቁ ከውስጥ እንዳለ ያውቃልና። ተስፋዬ በመድረክ ያሳያት እናት ሰም ናት፤ ወርቁ በየቤታችን ያለችው፥ ስትናገር የማንሰማት እናት ናት። እንዲያውም የአማርኛን ቴአትር ካቆሙት ሰዎች አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ፥ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የወጣ የቅኔ ሰው ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያቆመውን ቤት ሌላው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሊረግመው ሲነሣ ማየት ያስደንቃል፤ ምናልባት ቤቱን ማን እንደ ሠራው ሳይጠይቅ ይሆናል።

አንድ ከባድ ክርክር ይቀራል፥ ልንሸሸውም አይገባንም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያና በቍስጥንጥንያ ሳለ ቴአትርን አጥብቆ ነቅፏል። የነቀፈው ግን ምእመናን ቤተ ክርስቲያንን ትተው የሚሮጡበትን፥ ዝሙትም ለሣቅ የሚቀርብበትን ጨዋታ ነው። ወላጅህን አክብር፥ አትዋሽ እያለ ለሕፃን ተረት የሚነግርን ሽማግሌ በዚያ ሚዛን መመዘን ለአፈ ወርቅም ክብር አይሆንም። ዛሬ በቴሌቪዥን ከሚታየው ውስጥ ያ ቅዱስ ቢያየው የሚገሥጸው ብዙ ነገር አለ፤ እንግዲያስ ድፍረቱ ያለው ሰው ያንን ለይቶ በስሙ ይንቀፍ።

በዋግ ተራሮች ያደግን ልጆች በዚያ ዘመን የአባባ ተስፋዬን ፊት አላየንም። ድርቅና ጦርነት አገሩን ባስጨነቁበት በ1977 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ለእኛ በወሬ እንኳ ያልደረሰ የከተማ ነገር ነበረ። ተረት ግን አልጐደለንም፤ የዋግ አሮጊቶች ማታ ማታ እሳት ዳር በኽምጣና ቋንቋ ቀበሮውንም ጅቡንም በየድምፁ እያናገሩ ይነግሩን ነበር። እነዚያ እናቶች እያለፉ ነው። ተረታቸውን ተቀብሎ በድምፁና በፊቱ ለሕፃናት የሚያሳይ አንድ ወጣት ነገ በሰቆጣ ቢነሣ፥ ዛሬ በዐውደ ምሕረት የተነገረው ስድብ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ አባቱም ስድቡን ሰምቶ ልጁን ይከለክለዋል።

ተስፋዬ ሣህሉ የተቀበረው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። የተዋናይ ፍጻሜው ኵነኔ ነው የሚሉን ወንድሞቻችን፥ በዚያ ቀን በአስከሬኑ ላይ የጸለዩት ካህናት ምን ሲያደርጉ እንደ ነበረ ይንገሩን።