ቀላዱን ማን ይያዝ?

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ሸፈተ። ግብሩ ከብዶት ብቻ አይደለም። ዛሬ ማሳውን ሊገምት የመጣ ሰው ነገ የመሬት መለኪያ ገመዱን፣ ቀላዱን፣ ጥሎ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ነው። ጦር ዘመተበት፤ ኋላ ግን መንግሥት ውዝፉን ማረ፣ ገዢውንም አነሳ። ያው መንግሥት በግንቦት 1955 ዓ.ም. 32 አገሮችን አዲስ አበባ ሰብስቦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ያስመሠረተው ነው።

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የአፍሪካ ኅብረትን ነገር ለሚከታተል ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ኅብረቱ በ1994 ዓ.ም. ድርጅቱን ሲተካ ኮሚሽን፣ ፓርላማና ፍርድ ቤት ይዞ ብቅ አለ፤ ሲያዩት አውሮፓን ይመስላል። አውሮፓ ውስጥ ግን በመጋቢት 1991 ዓ.ም. የዣክ ሳንቴር ኮሚሽን የፓርላማውን ድምፅ ፈርቶ በሙሉ ለቋል። ሚድራንድ ያለው የእኛ ፓርላማ ማንንም አያስፈራም። ሕግ የማውጣት ሥልጣን ሊሰጠው የታሰበው የማላቦ ፕሮቶኮል በ2006 ዓ.ም. ቢወሰንም፣ እንዲጸና የሚያስፈልጉት የ28 አገሮች ማጽደቂያዎች ከዐሥር ዓመት በኋላም አልሞሉም። በ2013 ዓ.ም. ግን አባላቱ ለፕሬዚዳንትነት ወንበር በአዳራሹ ውስጥ ተናንቀዋል። ባዶ ወንበር ያን ያህል ያጣላል!

አሩሻ ያለው ፍርድ ቤትም ያው ነው። ዜጎች በቀጥታ እንዲከሱ የፈቀደችው አስተናጋጇ ታንዛኒያ ራሷ በ2012 ዓ.ም. ፈቃዷን ሰረዘች። ኢትዮጵያ የፍርድ ቤቱን ፕሮቶኮል ስላላጸደቀች፣ የማርቆስ ሰው አሩሻ ድረስ ቢሄድ መዝገብ የሚከፍትለት የለም።

እኔ ግን ዋናው ነገር ገንዘቡ ነው እላለሁ። መሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ከገቢ ዕቃ 0.2 በመቶ ለኅብረቱ ሊቀርጡ ወሰኑ። ቀረጡ በሁሉም አገር ቢሰበሰብ ኮሚሽኑ የራሱ ኪስ ይኖረው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልጀመሩትም። ሲጠየቁ የንግድ ስምምነትን ምክንያት የሚያደርጉ አሉ። የራሱ ኪስ ያለው ኮሚሽን የማይታዘዝ ኮሚሽን መሆኑን ግን ማንም አያጣውም። የጎጃም ገበሬ ቀላዱን የፈራው ርስቱ የገዛ ርስቱ ስለነበር ነው። መሪዎቹ ሉዓላዊነት እያሉ የሚጠብቁት ርስት ግን የእኛ ነው፤ እነሱ ቀላዱን ባይዙ ደግሞ ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ለጋሽ ያነሳዋል። ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ የቆመውን የኅብረቱን ዋና ሕንፃ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በ2004 ዓ.ም. አስረክባለች።

የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ የጅቡቲው መሐሙድ አሊ ዩሱፍ የኬንያውን ራይላ ኦዲንጋን ረተው የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የሆኑት በሰባተኛው ዙር ድምፅ ነው። ኬንያና ጅቡቲ ወራት ሙሉ አህጉሩን ዞረው የቀሰቀሱለት ያ ወንበር፣ ሶማሊያ ላሉት ወታደሮቹ ደመወዝ ሲያጥረው ደብዳቤ የሚጽፈው ለብራስልስ ነው።