ቆጮን ከጓዳ ያስቀረው ማን ነው?

«ጤናማ ምግብ» ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ወደ ሱቅ መደርደሪያ ይሮጣል። ካፋ ግን በጓሮው እንሰት፣ ጎደሬና ጎመን፣ በጫካው ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ አለው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት የመዘገበው ደን የቡና ብቻ ሳይሆን የማጀትም ሀብት ነው። ታዲያ ቦንጋ ላይ እንግዳ ሲመጣ ቆጮውን ጓዳ ትቶ ፓስታ መቀቀል ምን የሚሉት ክብር ነው?

«ቆጮ ገንቢ አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ባለሙያ እናት ግን ብቻውን አታቀርበውም። ጎመን፣ ባቄላ፣ ሲገኝም አይብ ታክልበታለች። ነጭ ዱቄትም ፍሩሽካው ሲለይ ብዙ ጥቅሙ አብሮ ይሄዳል፤ እሱን ግን ማንም አያማውም። ቆጮ ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ያለ ኬሚካል፣ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

የሚያሳፍረው ሌላ ነው። እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ሥራው ወገብ ይሰብራል። «የባህል ምግባችን» እያለ የሚፎክረው ወንድ መፋቂያውን አይነካም። ልጆቻቸው ፓስታን ቢመርጡ እናቶች አይወቀሱም፤ ፓስታ ጉልበት አይበላም። ቆጮ ይከበር የሚል ሁሉ አስቀድሞ ድካሙን ይካፈል፤ ሥራውን የሚያቀል መፋቂያም በየቤቱ እንዲገባ ይሟገት። ያኔ ቆጮው በኮረሪማ ቅቤ ታሽቶ፣ ቀና ብሎ እንግዳ ፊት ይቀርባል።