ደቦ የመራ ሽማግሌ ከፕሮጀክት ስብሰባ ለምን ይቀራል?

በእስራኤል ሀገር ዛሬ «ፕሮጀክት» የማይባል ነገር የለም። ልጆችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማስጠናት ፕሮጀክት ነው። ለአዛውንቶች የሚሰጥ የጤና ትምህርትም ፕሮጀክት ነው፤ የሰፈር እድሳትም እንደዚሁ። ስብሰባ ይጠራል፣ ወረቀት ይታደላል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕልና ቁጥር ይታያል። ብዙ ጊዜ ግን ሥራው የሚመለከታቸው ሰዎች ወሬውን የሚሰሙት ዕቅዱ ካለቀና በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ነው። ሽማግሌዎችማ የሚጠሩት ለምረቃው ቀን ነው፤ ለምርቃትና ለፎቶግራፍ።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት ይታለፍ ነበር። ክብር ሲነካ ዝም ማለትን አባቶችና እናቶች ለምደውታል። ጉዳዩ ግን የሥራ ጉዳይ ነው። ሥራን አስቀድሞ ማሰብ፣ ሰውን እንደ አቅሙ ማሰለፍ፣ ሸክሙ የት ላይ እንደሚከብድ ማወቅ፣ ይህን ሁሉ ቤተ እስራኤል ከሃይቴክ የተማረው አይደለም፤ ከጎንደርና ከትግራይ ይዞት የመጣው ነው። በርግጥ ይዞት በመጣው ላይ ጉድለት አለበት፤ እሱንም ሳይሸፍኑ መናገር ያስፈልጋል።

ደቦ ከአጨዳው ቀን በፊት

ደቦ የሚጠራ ገበሬ ሥራውን የሚጀምረው በአጨዳው ቀን አይደለም። አስቀድሞ ማሳውን ዞሮ ያያል፤ የትኛው እንደደረሰ፣ የትኛው ሁለት ሦስት ቀን እንደሚታገሥ ይለያል። ስንት እጅ እንደሚያስፈልገው ይቆጥራል። ሰንበት እንዳይነካ፣ ከጎረቤቱም ደቦ ጋር እንዳይጋጭ ቀን ይመርጣል። ከዚያ በየቤቱ ሄዶ ይጠራል። እቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ትልቅ ሥራ አለ፤ ጠላው ከብዙ ቀናት በፊት ይጠነሰሳል፣ እህሉ ይፈጫል፣ ውሃው ይቀዳል። ጠላው ካልደረሰ ደቦው አይደርስም። ሚስት «ይህን ያህል ሰው ማብላት አንችልም» ካለች የሚጠራው ሰው ቁጥር ይቀነሳል፣ ወይም ቀኑ ይገፋል። ዛሬ በቢሮ ቋንቋ ይህ የአቅምና የጊዜ ሰሌዳ ይባላል።

ወንፈል ደግሞ ከዚህ ይለያል። በወንፈል ድግስ የለም፤ የሥራ ቀን ብድር ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። ወረቀት ላይ ባይጻፍም ማን ለማን ስንት ቀን እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ብድሩን የማይመልስ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ያጭዳል። እንግዲህ ደቦን ከወንፈል መለየት፣ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚፈልግ ማወቅ፣ እሱ ራሱ የአመራር እውቀት ነው።

የእጅ ሥራውም እንዲሁ ነው። ቤተ እስራኤል ርስት ስለተከለከለ ብዙው በጢሰኝነት ያርስ ነበር፤ ኑሮውን የሚደጉመው በቀጥቃጭነት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ነበር። ጎንደር ከተማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስትገነባ ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነትና በአናጢነት እንደሠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። «ጣይብ» የሚለው ቃል ባለሙያ ማለት ሆኖ ሳለ መሰደቢያ ተደረገ። ቀጥቃጩ ግን የገበሬውን የዓመት ቀን መቁጠሪያ ከገበሬው እኩል ያውቅ ነበር። ከክረምት በፊት ማረሻ፣ ከመኸር በፊት ማጭድ። አንዱ ወናፉን ይነፋል፣ ሌላው የጋለውን ብረት በጉጠት ይይዛል፣ መዶሻው ይወርዳል፤ አንዱ ቢዘገይ ብረቱ ይቀዘቅዛል። ማረሻው ቶሎ ከዶለዶመ ደግሞ ገበሬው ይዞት ይመለሳል፤ ሠሪውም ጉድለቱን በዓይኑ አይቶ ያስተካክላል። ከደንበኛ አፍ በቀጥታ መስማት የሚባለው ከዚህ ሌላ ምን አለ?

የሱዳን መንገድና ኮሚቴው

ትልቁ ፈተና ግን የመጣው በሱዳን መንገድ ነው። መምህሩ ፈረደ አክሉም በ1970ዎቹ መጨረሻ የሱዳንን በር ከከፈቱት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ መንደር ሙሉ ሰው ተነሥቶ ተጓዘ። በሌሊት መሄድ፣ በቀን መደበቅ፣ ሽፍታን መጠበቅ፣ አዛውንትና ነፍሰ ጡር በእንስሳ ላይ ማስቀመጥ፣ ውሃን በልክ ማከፋፈል፣ ይህን ሁሉ የሚያዝዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። የጉዞው ፍጥነት የሚለካው በጎበዙ እግር ሳይሆን በደካማው እግር ነበር።

በገዳሪፍና በኡም ራኩባ ደግሞ «ኮሚቴ» የተባሉት የማኅበረሰቡ ልጆች ሥራውን ያዙ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ለቤተሰቦች ገንዘብ በምሥጢር ማድረስ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደታመመ ማወቅ፣ በየትኛው ሌሊት ማን እንደሚወጣ ማስተባበር የእነርሱ ሥራ ነበር። ተይዘው የታሠሩና የተገረፉም አሉ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው በሙሴ ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጡ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ዘመቻው ቆመ፤ ስንቱ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይታመናል። ምሥጢር መጠበቅ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን፣ አንድ ያለጊዜው የወጣ ቃል ምን እንደሚያስከፍል ከእነዚያ ሰዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል መጣ። አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጫነ። ዓለም የሚያስታውሰው አውሮፕላኑን፣ አብራሪውንና ወታደሩን ነው። ይገባቸዋል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው በአዲስ አበባ ሰፈሮች ተበታትኖ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ማን በየትኛው ጓሮ እንደሚኖር የሚያውቁ፣ ቤት ለቤት ዞረው «ተነሡ፣ ወደ ኤምባሲ» ያሉ የማኅበረሰቡ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ አውሮፕላኑ ባዶውን ይመለስ ነበር።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች እስራኤል ሲደርሱ ምን ሆኑ? በመርካዝ ክሊታ ምንም እንደማያውቅ ሰው ተቆጠሩ። የት እንደሚኖሩ ሌላ ሰው ወሰነ። ልጆቻቸው በብዛት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ስማቸው ሳይቀር ተለወጠ። የአሥር ዓመት ልጅ በባንክና በኩፓት ሖሊም አስተርጓሚ ሆነ፤ አባት የልጁን አፍ መጠበቅ ጀመረ። መንደር ሙሉ ሰው በበረሃ የመራ አባት በቢሮ ወንበር ላይ ቁጥሩ እስኪጠራ ተቀመጠ። እውቀቱ ከእርሱ አልወጣም፤ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ እንጂ።

ሃይቴክ የሚያስተምረው

የልጅ ልጆች ዛሬ በሃይቴክ ይሠራሉ። እዚያ የሚማሩት የሥራ አመራር ለአባቶች ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በሶፍትዌር ሥራ የታወቁ 17 ሰዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ አወጡ፤ ከዚያ «አጃይል» የሚባለው አሠራር በዓለም ተስፋፋ። ከዋና ሐሳቦቹ አንዱ ሰውና የሰው ግንኙነት ከመሣሪያና ከደንብ ይቀድማል የሚል ነው። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ቡድኖች ብዙዎቹ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል ይሰበሰባሉ፤ ምን ተሠራ፣ ምን ይቀጥላል፣ ምን እንቅፋት አለ ተባብለው ይለያያሉ። በደቦ ጠዋት ማሳ ዳር ቆሞ የሚደረገው ወሬ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ ደግሞ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ አለቃውን ይጠራል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ የሥራው መስመር ይቆማል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትንሹ ሰው ትልቁን ሥራ «ቁም» እንዲል ፈቃድ ተሰጥቶታል ማለት ነው። የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ራሳቸውን ሊጠይቁ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው፤ በማኅበር ስብሰባ ላይ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ተነሥታ «ይህ ሥራ እየተበላሸ ነው፣ እንቁም» ብትል ትሰማለች ወይ?

ጉድለቱም የራስ ነው

የድሮው አመራር አራት ጉድለቶች አሉት። አንደኛው፣ አልተጻፈም። ኮሚቴው እንዴት እንደሠራ፣ ጉዞው እንዴት እንደተደራጀ የሚያውቀው ሰው ሲሞት እውቀቱም አብሮ ይቀበራል። በ1984 ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ስድሳን አልፏል፤ ያኔ አርባ የነበረው ሰማንያን አልፏል።

ሁለተኛው፣ በደቦ ሁሉም ሥራውን ያውቃል፤ ሽማግሌው ማጨድ ከወጣቱ የበለጠ ስለሚያውቅ ቢያዝዝ ያምርበታል። በአዲሱ ሥራ ግን ሁሉን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። መሪው ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይወስናል። ዕድሜ ብቻውን እውቀት አይሆንም፤ ዲግሪም ብቻውን አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ሴቶች። ጠላውን ጠንስሰው፣ ሸክላውን ሠርተው ገበያ አውጥተው፣ በሱዳን በረሃ ልጅ አዝለው የሄዱት እናቶች በሽምግልናው ወንበር ላይ አልተቀመጡም። የቤቱን አቅም በትክክል የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳለ።

አራተኛውና ከባዱ ይሉኝታ ነው። በእስራኤል አየር ኃይል ከበረራ በኋላ ታሕቂር ይደረጋል። ማዕረግ ወደ ጎን ይቀራል፤ አዛዡም ሳይቀር የሠራውን ስሕተት በበታቾቹ ፊት ይናገራል። ማንንም ለማዋረድ ሳይሆን በሚቀጥለው በረራ ሰው እንዳይሞት ነው። ሽምግልና ግን ዓላማው ሌላ ነው። ሁለቱን ወገን ሰምቶ፣ ካሣ አስክሶ ያስታርቃል፤ በዚህ ችሎታው የሚተካከለው የለም። ሆኖም ከተታረቁ በኋላ «ነገሩ ከሥሩ ለምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ያለፈው አለፈ» ይባላል። ስለዚህ ያው ስሕተት በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሰው እጅ ይመለሳል። ገንዘብ በጎደለበት ማኅበር፣ በዓሉ በተዘበራረቀበት ኮሚቴ ውስጥ እርቅ ይወርዳል፤ ምክንያቱ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

የሚቻለው ነገር ከቤት ይጀምራል። ለምሳሌ ስግድ። በ2008 ክኔሴት ስግድን ብሔራዊ በዓል ብሎ በሕግ አጽድቆታል። በየዓመቱ ቄሶች ከየከተማው ይመጣሉ፤ አውቶቡስ፣ ውሃ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ለጾመኛ አዛውንት መቀመጫና ጥላ ያስፈልጋል። ከባድ ሥራ ነው። ስግድ ካለፈ በኋላ በየከተማው አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ታሕቂር ማድረግ ምን ይከለክላል? ምን ተሳካ፣ የት ላይ ተቸገርን፣ ለሚመጣው ዓመት ምን ይለወጥ። ወጣት ይጽፈዋል፣ ሽማግሌ ያርመዋል፤ ለሚቀጥለው ኮሚቴም ይሰጣል።

በየማኅበሩ፣ በየእድሩ፣ በየኮሚቴው ደግሞ ሊቀመንበሩ ከጎኑ አንድ ወጣት፣ በተለይም አንዲት ወጣት ያስቀምጥ። ሻይ እንድታቀርብ ሳይሆን ሥራውን አይታ እንድትረከብ። ወንበሩን በሕይወት እያለ ያስረከበ ሽማግሌ ምክሩ አብሮት አይወርድም፤ እንዲያውም ይበልጥ ይፈለጋል።

ከዘመናዊ መሥሪያ ቤቶችና ከከተማ አስተዳደሮች የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። ለማኅበረሰቡ የሚታቀድ ሥራ ካለ አዛውንት አባቶችና እናቶች የሚጠሩት በጀቱ ከመደልደሉ በፊት ይሁን፤ በአማርኛና በትግርኛ አስተርጓሚ፣ ልጆቻቸው ሳይሆኑ ባለሙያ አስተርጓሚ ባለበት። ይህ ካልሆነ ሽማግሌዎች ለምረቃው ቀን ሲጠሩ «ሥራው ሲታሰብ የት ነበርን?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄው ነውር የለበትም።

ወጣቶችም ቢሆኑ የሃይቴክ ኮርስ ከመክፈላቸው በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ አያታቸው ዘንድ ሄደው ይጠይቁ። «በመንገድ ላይ ስንት ሰው ነበራችሁ? ውሃውን ማን አከፋፈለ? ሲጣሉ ማን ገላገለ? ማን ነው ቀድሞ የደከመው፣ ምንስ አደረጋችሁለት?» አያት መጀመሪያ ላይ «ምን ታደርጊበታለሽ፣ ልጄ» ትል ይሆናል። ሁለተኛ መጠየቅ፣ ሦስተኛም መጠየቅ ያስፈልጋል። አያቶችም በበኩላቸው የተሳካውን ብቻ ሳይሆን የተሳሳተውንም ይንገሩ፤ ልጅ የሚማረው ከሁለቱም ነውና።