ሃይድሮጅን በብረት ሆድ

መብራት ሲጠፋ የጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ምን ይዋጠው? ለእኛ ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሰዎች ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጄኔሬተር አለ እንበል፤ ናፍጣው ሲያልቅስ?

ሃይድሮጅን ሲነሳ ሁላችንም ትዝ የሚለን በክብሪት «ጷ!» ማለቱ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጓዶች «ይሄ ቦምብ እኮ ነው!» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። ጋዙን በከፍተኛ ግፊት ማጨቅ ግን ብቸኛው ዘዴ አይደለም። የላንታነምና የኒኬል ቅይጥ ሃይድሮጅንን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፤ አተሞቹ በብረቱ አተሞች መካከል ይሰገሰጋሉ፤ ሙቀትም ይወጣል። ይህ ሃይድራይድ ይባላል። ጋዙን መልሶ ለማውጣት ሙቀት መስጠት ግድ ነው። ቧንቧው ቢሰበር እንኳ ቅይጡ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ጋዙ ባንዴ አይዘረገፍም። ታዲያ ቦምቡ የታል?

ጉድለቱ ክብደቱ ነው። 100 ኪሎ ቅይጥ የሚይዘው 1.4 ኪሎ ሃይድሮጅን ገደማ ነው። ለመኪና ሸክም ነው፤ ግድግዳ ሥር ለተተከለ ፊውል ሴል ግን ምን ቸገረው? ከዚያች 1.4 ኪሎ 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይገኛል፤ ለአንድ ማቀዝቀዣ ቀናት ይበቃል።

«ባትሪስ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ያንኑ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመለየት 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ላንድ ሌሊት ባትሪ ይሻላል ባይ ነኝ። ለቀናት ለሚዘልቅ መቋረጥ ግን ሃይድራይዱን እመርጣለሁ፤ ወራት ቢቀመጥም የያዘውን አይለቅም። ኃይሉንም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ባለ 5,150 ሜጋዋት የሕዳሴ ግድብ፣ ፈላጊ ባነሰበት ሌሊት መውሰድ ይቻላል። እኔን የሚያስፈራኝ የቅይጡ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ጤና ጣቢያ ይጀመር።