የስፌት መኪና ከመግዛትዎ በፊት

ነሐሴ ሲጋመስ በየቤቱ አንድ ዓይነት ሂሳብ ይጀመራል። ደብተር አለ፣ ቦርሳ አለ፣ ጫማ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተማሪ የደንብ ልብስ አለ። የአምናው ሱሪ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቀርቷል፤ የሴቷ ልጅ ጉርድ ቀሚስ ወገቡ ጠቧል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ቢኬድ ወረፋው ረጅም ነው፤ ዋጋውም እንደ ወረፋው ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ እናት «ምነው አንድ የስፌት መኪና በቤቴ በኖረኝ!» ብላ መመኘቷ አይቀርም። ምኞቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሳያስቡ የተገዛ መኪና ገንዘብንም ተስፋንም ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል በዛሬው ዓምዳችን ስለ አመራረጡና በቤት ውስጥ ስለሚጀመረው የስፌት ሥራ እንነጋገራለን።

ምክሩን የምሰጠው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቁብ ሲደርሰኝ «ይህ ገንዘብ ለቤት የሚተርፍ ነገር ይግዛ» ብዬ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ሻጩ ደረቅ ያለች ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገብቶ አንድ መሥመር ሰፋልኝ፤ ስፌቱ እንደ ዶቃ የተሰደረ ነበር። ቤቴ ገብቼ የልጄን የካኪ ሱሪ ጠርዝ አጥፌ ስሰፋበት ግን መርፌው ስፌት እየዘለለ አለፈ፤ ደግሜ ስሞክር ተሰበረ። ሁለት ጊዜ ጠጋኝ ዘንድ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ጠጋኙ «እመቤቴ፣ ይህ ለስስ ጨርቅ ነው፤ የውስጡ ጥርስም ፕላስቲክ ነው» አለኝ። በዚያ ዓመት የልጄን ሱሪ ያስረዘመው ልብስ ሰፊው ነው። ለመኪናውም ለእርሱም ከፈልኩ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን መኪና ልግዛ?» ሳይሆን «ምን እሰፋበታለሁ?» የሚለው ነው። አንድ ደብተር ይያዙና ባለፈው ዓመት ለልብስ ሰፊ የከፈሉትን ሁሉ ያስታውሱ፦ ስንት ሱሪ ተስተካከለ፣ ስንት ዚፕ ተቀየረ፣ ስንት መጋረጃ ተሰፋ። የዓመቱን ድምር ከመኪናው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። ሥራው መኪናውን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ የሚመልስ ከሆነ ይግዙ። በዓመት ሦስት አዝራርና አንድ ዚፕ ብቻ ከሆነ ግን መርፌና ክር ይበቃዎታል፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንብዎት።

መኪና ኖረም አልኖረም በቤት ውስጥ መታጣት የሌለባቸው ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸው የእጅ መርፌዎች፣ ነጭ፣ ጥቁርና የደንብ ልብሱን ቀለም የሚመስል ክር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጥቂት ስፒሎች፣ አንድ ጥሩ መቀስ። በመቀሱ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ፤ ወረቀት እንዲቆረጥበትም አይፍቀዱ፤ ወረቀት ስለቱን ያደንዘዋል። ለምልክት ጠመኔ መግዛት አያስፈልግም፤ አልቆ የሳሳ ደረቅ ነጭ ሳሙና በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥሩ መሥመር ያወጣል፤ ሲታጠብም ይለቃል።

መኪና ለመግዛት ከወሰኑ ሦስት ዓይነት ያገኛሉ፦ በእጅ የሚዞር፣ በእግር የሚረገጥና በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ለቤት ሥራ ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ጠንካራ መኪና ከሁሉም ይቀድማል። የስፌቱ ምስጢር የላይኛው ክር ከታችኛው ክር ጋር ጨርቁ መካከል መቆላለፉ ነው፤ ይህም አሠራር አይዛክ ሲንጀር በአሜሪካ በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካገኘበት መኪና ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ከብረት የተሠራ የአያት ዘመን መኪና በደንብ ከተያዘ ዛሬም ካኪና ጂንስ የሚሰፋው ለዚህ ነው። የእግር መኪና መብራት ሲጠፋ ሥራ አያስፈታም፤ ሁለቱም እጆች ጨርቁን ለመምራት ነፃ ይሆናሉ። ጉድለቱ ቦታ መያዙ ነው። ቤትዎ ጠባብ ከሆነ የእጁ ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ እጅ ለመዘውሩ ስለሚሰጥ ሥራው ይዘገያል። የኤሌክትሪኩ ፈጣን ነው፤ የጠርዝ መሰብሰቢያ ዚግዛግ ስፌትም አብዛኛውን ጊዜ አለው።

ከውጭ አገር ዘመድ የኤሌክትሪክ መኪና ልላክ ካለዎት አንድ ጥያቄ አይርሱ። የአሜሪካ ቤቶች መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ የተሠራውን መኪና ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳው ላይ ቢሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል። በመኪናው ጀርባ ወይም በመርገጫው ላይ ያለውን ጽሑፍ ዘመድዎ አስቀድሞ አንብቦ ይንገርዎ።

ያገለገለ መኪና መግዛት ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ከርካሽ አዲስ ይሻላል። ነገር ግን የራስዎን ጨርቅ ይዘው ይሂዱ። ሻጮች ደረቅ ጨርቅ ላይ ማሳየት የሚወዱት ደረቅ ጨርቅ የመኪናውን ጉድለት ስለሚሸፍን ነው። እርስዎ አንድ ስስ ጨርቅ፣ አንድ የካኪ ቁራጭና አንድ ለስላሳ የሚለጠጥ ጨርቅ ይያዙ። አስቀድመው በቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጅዎ ወደ ራስዎ በቀስታ ያዙሩት፤ ሳይንቀጫቀጭና ሳይያዝ መዞር አለበት። ካኪውን አራት እጥፍ አድርገው ያሰፉ፤ ስፌት መዝለል የለበትም። ከዚያ ጨርቁን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱ። ክሩ ከሥር ተንዘላዝሎ ከታየ አትግዙ ለማለት አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላይኛው ክር በትክክል አለመግባቱ ነው። ክሩ እንደገና ይግባና ይሞከር። የታችኛው ክር የሚጠነጠንባት ትንሽ ማጠንጠኛና መርፌው በአካባቢዎ ሱቅ የሚገኙ መሆናቸውንም ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይቁጠሩ። መለዋወጫ የሌለው መኪና ምጣድ እንደሌለው ምድጃ ነው።

መኪናው ቤት ከገባ በኋላ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፦ መርፌና ዘይት። የመርፌ ውፍረት በቁጥር ይገለጻል፤ 70 ለስስ ጨርቅ፣ 80 እና 90 ለሸሚዝና ለተራ የደንብ ልብስ፣ 100 ለካኪና ለጂንስ ነው። የተጣመመ ወይም የደነዘ መርፌ ጨርቅ ይስባል፣ ስፌት ይዘላል፤ ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ ቢቀየር ይመረጣል። ዘይቱ ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ስለሚደርቅ መኪናውን ያስረዋል። ከመርፌው ሥር የሚጠራቀመውን የጨርቅ ብናኝ በትንሽ ብሩሽ ይጥረጉ።

ለመለማመጃ አዲስ ጨርቅ አይግዙ። መሐሉ የሳሳ አንሶላ ካለ መሐሉን በቁመቱ ለሁለት ይቁረጡት፤ ጠንካራ የነበሩትን የዳር ጠርዞች እርስ በርስ ይስፉና መሐል ያድርጓቸው፤ የሳሱትን ዳሮች አጥፈው ይስፉ። አንሶላው ጥቂት ዓመታት ይጨምራል። ከዚህ የባሰ ካረጀ ደኅና ደኅናው ተመርጦ የትራስ ልብስ ይውጣለት። ወርዱ 50 ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ፣ ወርዱ 53 ርዝመቱ 164 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ጨርቅ ይቁረጡ። ሁለቱን አጫጭር ጫፎች እያንዳንዳቸውን 2 ሳንቲ ሜትር አጥፈው ይስፉ። ጨርቁን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያንጥፉት። ከአንዱ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር ለክተው በላዩ ላይ ይጠፉት፤ ተርፎ የሚቀረውን 20 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ከላይ ይመልሱበት። ግራና ቀኙን ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብለው ይስፉና ይገልብጡት። አዝራር ሳያስፈልገው ትራሱን የሚውጥ ኪስ ይሆናል።

ይህን ቀጥ አድርገው ከሰፉ ወደ ልጅዎ ሱሪ መሄድ ይችላሉ። አዲስ ሲሰፋም ሲስተካከልም ከታች 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይጠፍ። በሚቀጥለው ነሐሴ ፈትቶ ማስረዘም ነው። የአሮጌው እጥፋት መሥመር እንዳይታይ ከመስፋትዎ በፊት እርጥብ ጨርቅ ደርበው ይተኩሱት። የቀሚሱ ወገብም እንዲሁ ጀርባው ላይ ላስቲክ ቢገባለት ልጅቷ ስታድግ አብሮ ያድጋል።

የእኔን መኪና በመጨረሻ የሚሰፋው መጋረጃና የትራስ ልብስ ብቻ ለሆነ ጎረቤቴ ሰጠሁ፤ እርሷ እስከ ዛሬ ትሰፋበታለች። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፤ እኔ የምፈልገውን ሳልጠይቅ ገዛሁት እንጂ። በዕቁብ የተጠራቀመ ገንዘብ በየዓመቱ አይመጣም። እርስዎ ግን የካኪ ቁራጭዎን በቦርሳዎ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ ቢሥቅብዎ ይሣቅ፤ መስከረም ሲጠባ ልጅዎ በልኩ በተስተካከለ ሱሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚሥቁት እርስዎ ነዎት።