የመምህሩ ዕቅድ የማን ነው?



በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አንድ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም መምህራኖቻችን በየዓመቱ ስለሚሞሉት የሙያ ማሻሻያ ዕቅድ ነው። ተማሪ ስለ መምህራን ሥራ አሳብ መስጠቱ ድፍረት የሚመስላቸው ሰዎች ቢኖሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ዕቅዱ ቢሠምር የምንጠቀመው፣ ቢከሽፍም የምንጎዳው እኛ ነንና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ መሠረት፣ ማንኛውም መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ራሱን ለማሻሻል ማዋል ይገባዋል። አዲስ የተቀጠረውም ሁለት ዓመት ያህል ልምድ ካለው መምህር ጋር ሆኖ ሥራውን ይለማመዳል። አሠራሩ ጉድለትን መርምሮ ማወቅ፣ ማቀድ፣ መሥራትና ውጤቱን መመዘን ነው። የተሠራውም ማኅደረ ተግባር በሚባለው አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል። አሳቡ መልካም ነው። ጉድለቱን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ራሱ መምህሩ ስለሆነ፣ የዕቅዱም ባለቤት እርሱ መሆን ነበረበት።

አክስቴ በዞናችን ካሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች በአንዱ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዕቅዱ ተጽፎ መጣላቸው፤ ስማቸውን አስገብተው ፈረሙ። የሒሳቡም፣ የአማርኛውም፣ የስፖርቱም መምህር ያንኑ ገልብጠው ፈረሙ። የሁሉም ጉድለት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ! አንድ ሐኪም ሳይመረምር ለሕመምተኞቹ ሁሉ አንድ መድኃኒት ቢያዝ ሐኪም ይባላልን?

ኋላ ግን አክስቴ የክፍላቸውን ችግር ራሳቸው አገኙት። እንደምታውቁት ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እንደገና በላቲን። በወላይትኛ «ኤክስ» የምትባለው ፊደል «ጥ» ተብላ ትነበባለች፤ «ሲ»ም ብቻዋን ስትቆም «ጭ» ናት። ታዲያ አንድ ሕፃን የእንግሊዝኛውን «ቦክስ» አይቶ «ቦጥ» ቢል ሰነፍ ነውን? የለም፤ በወላይትኛው ክፍለ ጊዜ የተማረውን በትክክል ነው ያነበበው። አክስቴም ይህን ካስተዋሉ በኋላ የዓመቱን ዕቅዳቸውን በዚሁ ላይ አደረጉት። የሚያሳስቱትን ፊደሎች በካርቶን ላይ ጻፉ፤ ከእርሳቸው የበለጠ ልምድ ያለው ባልደረባቸው ከኋላ ተቀምጦ ሲያስተምሩ እንዲያያቸው ለመኑ፤ በየወሩም እያንዳንዱ ልጅ ከአሥር ቃላት ስንቱን እንደሳተ በደብተር መዘገቡ። ለዚህ ሁሉ አበል የከፈላቸው የለም። በቅጹ ላይ ለ«ጉድለት» የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ስለነበረ ሌላ ወረቀት ማያያዛቸውን ሲነግሩኝ ዛሬም ይሥቃሉ።

«ሆድ ሳይጠግብ ዕቅድ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ይህ በቀልድ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በዞናችን ደመወዛቸው በወቅቱ ያልደረሳቸው መምህራን እንደነበሩ ወላጆች ሁሉ ታውቃላችሁ። ደመወዝን በጊዜው መክፈል የቀጣሪ ግዴታ ነው፤ የመምህሩም ትጋት የዚያ ምትክ ሊሆን አይገባም። «ዕቅዱ ያንተ ነው» ማለት «ብቻህን ተወጣው» ማለት ከሆነ እኔ አልስማማም። ሰዓቱንና መጽሐፉን ትምህርት ቤቱ ይስጥ፤ ምን መማር እንደሚያስፈልገው ግን መምህሩ ይወስን ነው የምለው።

ደግሞም ዕድገት ሲባል ዲግሪ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በከተማችን ከተከፈተ ወዲህ ትምህርትን የመቀጠሉ መንገድ ቀርቧል፤ ደስም ያሰኛል። ዲግሪው ደረጃን ከፍ ያደርጋል፤ «ቦጥ» የሚለውን ልጅ ግን ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል።

ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም.ም ከመቶ 5.4። ይህን እያወቅን የሙያ ነገር ሲነሣ «ውጤቱ ይምጣና እናያለን» እንላለን። ለግፋታ በሬ አባቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ያጠራቅማሉ፤ እናቶቻችንም ለቅቤው እንዲሁ። በዋዜማው ገንዘብ ፍለጋ የሚሮጥ ይሣቅበታል። ለሙያችን ግን የዋዜማ ሯጮች ሆነናል።

እኔ በበኩሌ መምህር መሆን ስለምፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆችን ክፍልፋይ አስተምራለሁ፤ ያልገባቸው የቱ ላይ እንደሆነም በደብተር እጽፋለሁ። መካኒክ ወይም ነርስ ለመሆን የሚያስብ ጓደኛዬም ከአሁኑ ማንን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚለማመድና በየትኛው ቀን እንደሆነ ቢጽፍ ወጪው አንድ ደብተር ነው።

ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር የማቀርበው ልመና አለኝ። በሚመጣው መስከረም ቅጹ ከመታደሉ በፊት ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ባዶ ወረቀት ይሰጠው፤ እኛም በየትምህርቱ ያልገባንን አንድ አንድ ነገር፣ ስማችንን ሳንጽፍ፣ እንድናቀርብለት ይፈቀድልን።